ሊማሊሞን የወጣ መጽሐፍ

በእጄ ያለው ቅጂ ሽፋን የለውም። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ጠርዛቸው ተበልቷል። ስለ ቫልቭ የሚያወራው ምዕራፍ ከሌላው ሁሉ ጠቁሯል። ዘይት የጠጡት ገጾች ወደ ፀሐይ ሲያነሷቸው እንደ ስስ ብራና ብርሃን ያሳልፋሉ። ጎንደር ውስጥ ብዙ መጽሐፍ ሲነበብ አይቻለሁ። መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ጣት እንዳያቆሽሸው በካቻቢቴ ጫፍ ገጹ እየተገለጠ ሲነበብ ያየሁት ግን ይህን ብቻ ነው።

ጸሐፊው ጆን ሙየር የሚባል አሜሪካዊ ነው። መጽሐፉን ያሳተመው በ1969 እ.ኤ.አ. ሲሆን ርእሱን ወደ አማርኛ ስመልሰው «ቮልስዋገንህን በሕይወት እንዴት ታቆየዋለህ፦ ለለየለት ጅል የተዘጋጀ ደረጃ በደረጃ መመሪያ» ይሆናል። ከ2 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። «ጅል» በእኛ ዘንድ ሰው ፊት የማይባል ስድብ ነው፤ ሙየር ግን ቃሉን አንባቢውን ለማቀፍ ነው የተጠቀመበት። ጋራዥ በር ላይ ቆሞ መካኒኩ የሚለውን ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ የሚሰማ፣ ምንም ሳይገባው የሚከፍል ሰው በዓለም ሁሉ አለ። መጽሐፉ የተጻፈው ለዚያ ሰው ነው። እኔም ያ ሰው ነበርኩ። መጀመሪያ ሞተር ያሳደስኩበት ጋራዥ «የፒስቶን ፋሻ ተቀይሯል» ብሎ አስከፍሎኝ፣ ከስድስት ወር በኋላ ሲፈታ አሮጌው ፋሻ እንዳለ ተገኝቷል። ከዚያ ቀን በኋላ ነው እንግሊዝኛዬን አጥብቄ ይህን መጽሐፍ ማንበብ የጀመርኩት።

ስለዚህ ከወዳጅነት ተነሥቼ ነው የምጽፈው። መጽሐፉ ባለቤትነት ማለት በትኩረት መስማት መሆኑን ከማንም በላይ ያስተምራል። የሚያስተምረው ግን መለዋወጫ ለማያልቅበት አገር ሰው ነው። ዕቃው ጠፍቶ መኪናዋ በሕይወት መቆየት ያለባት አገር ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። እሱ ዝም ካለበት የሚጀምረው ዕውቀት ደግሞ በእኛ መካኒኮች እጅ አለ፣ ግን አልተጻፈም። ይህ ያሳስበኛል።

ሙየር የመዋቅር ንድፍ መሐንዲስ ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙ ወጣቶች እንዳደረጉት ሥራውን ትቶ ታኦስ ወደምትባል የኒው ሜክሲኮ ተራራማ ከተማ ገባ፤ ጸጉሩን አሳደገ፣ ቮልስ የሚጠግንበት ጋራዥ ከፈተ። ታኦስ ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጎንደርም እዚያው ከፍታ ላይ ናት። ይህን ሳውቅ መጽሐፉን የማነብበት ዓይን ተለወጠ። በቀጠነ አየር ውስጥ የሚተነፍስ ሞተር ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ይህ ሰው በጆሮው ያውቃል ማለት ነው። ሙየር በ1977 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ መጽሐፉ ግን ከሱ በኋላም ደጋግሞ ታትሟል።

የእኔዋ ቮልስ 1300 ናት፤ እንደ መጽሐፉ እሷም የ1969 ልጅ ናት። መንገዴ ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ፣ ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል ድብ ባሕር ነው፤ አጎቴ የሚኖሩት እዚያ ነው። እስከ ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የገብስ ማሳ፣ ነፋስና ብርድ። ከደባርቅ በኋላ መሬቱ በድንገት ያልቃል። ተራራው ላይ የተጠመጠመው መንገድ ወደ ዛሪማ ሲወርድ ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ ያጣል፤ ድብ ባሕር ያለችው በዚያ ቁልቁለት ግርጌ፣ ወደ ዛሪማ ሳይደረስ ነው። ፈጣን የጀርመን መኪና የሚወዱ ሰዎች ስለ አቅም ሲያወሩ በሰዓት ስንት ይሮጣል ይላሉ። ሊማሊሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ሲወጣ ሙቀቱን ይችላል ወይ? ሲወርድ ፍሬኑን ሳያቃጥል ይደርሳል ወይ?

ነገሩን በቁጥር ላስረዳ። ደባርቅ 2850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። በፋብሪካው ወረቀት 40 የፈረስ ጉልበት የተጻፈላት ሞተር እዚያ ስትደርስ የሚቀራት ከ30 አያልፍም። ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን ለባሕር ዳርቻ አየር እንደለመደው ይቀዳል፤ ቤንዚን ይበዛል፣ ካንዴላ ይጠቁራል። ቮልስ ራዲያተር የላትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ከኋላ ያለው ፋን የሚነፋው አየር ነው፣ እሱም ያው የሳሳው አየር ነው። ጉልበት ስታጣ ማቀዝቀዣም አብራ ታጣለች። ፋኑ የሚዞረው ሞተሩ በዞረበት ልክ በመሆኑ ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ እያቃሰተች እንድትወጣ መተው ሞተሯን መጥበስ ነው። ማርሽ መቀነስ፣ ሞተሩ ቀለል ብሎ ቶሎ ቶሎ እንዲዞር ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ያልተረዳ ሹፌር መኪናዋን ያዘነላት እየመሰለው ይገድላታል።

የመጽሐፉ ልብ የቫልቭ ምዕራፍ ነው። ሙየር በየ3000 ማይሉ፣ ማለትም በየ4800 ኪሎ ሜትሩ ገደማ፣ ዘይት ቀይር፣ ቫልቭ አስተካክል ይላል። በዚህ ቀልድ አያውቅም። በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል መኖር ያለበት ክፍተት ለአብዛኞቹ ሞተሮች 0.15 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የሁለት ፀጉር ውፍረት። ክፍተቱ ሲጠብ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ካልተዘጋ ሙቀቱን ለሲሊንደር ራስ ማስተላለፍ አይችልም፤ ያለማቋረጥ ይግላል፣ ጠርዙ ይቃጠላል፣ አንድ ቀን አንገቱ ይቆረጥና ፒስቶኑን ይበሳዋል። ሞተሯ እስከዚያ ቀን ድረስ አትጮህም። እንዲያውም ክፍተቱ እየጠበበ ሲሄድ የሚሰማው መንቀጫቀጭ ይቀንሳልና ባለቤቱ «አሁን ድምጿ ጸዳ» ብሎ ደስ ይለዋል። በእኛ አገር የተገደሉ የቮልስ ሞተሮች ብዙዎቹ የተገደሉት በዚህ ደስታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሙየር ይህን ሥራ ሲያስተምር ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ሙሉ በሙሉ እንዲቀዘቅዝ ያዝዛል። ከአንደኛው ሲሊንደር ትጀምራለህ። ከዚያ የሞተሩን መዘውር ወደ ኋላ ግማሽ ዙር ስታዞረው ሁለተኛው ይመጣል፤ ሌላ ግማሽ ዙር፣ ሦስተኛው፤ ሌላ ግማሽ ዙር፣ አራተኛው። የቮልስ ሞተር የሚተኩሰው 1፣ 4፣ 3፣ 2 በሚል ቅደም ተከተል ነውና ወደ ኋላ የሚያዞረው ሰው 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያለ በተራ መቁጠር ይችላል። ጀማሪ ሰው ይህን የተኩስ ቅደም ተከተል በቃሉ መያዝ አያስፈልገውም ማለት ነው። ዕውቀቱን ሳይቀንስ መንገዱን አቃለለለት። ጥሩ አስተማሪ የማውቀው በዚህ ነው፤ ብዙ የፋብሪካ መመሪያ አገላብጫለሁ፣ እንዲህ ለአንባቢው ያሰበ ግን አላገኘሁም።

ከቃሉ እኩል የሚያስተምረው ሥዕሉ ነው። ሠዓሊው ፒተር አሽዋንደን ሞተሩን ፈትቶ እያንዳንዱን ብሎን አየር ላይ በቦታው አንሳፍፎ ይስለዋል። ጥላው፣ የብረቱ መታጠፊያ፣ የጎማው መጨማደድ ሳይቀር በእጅ በተጫረ መስመር ይታያል። ፎቶግራፍ ቆሻሻውንና ብረቱን እኩል ያሳያል፤ አሽዋንደን ግን ዓይን ማረፍ ያለበትን ያውቃል። እንግሊዝኛ የማይችል የጋራዥ ልጅ ይህን ሥዕል አይቶ ክላቹን፣ እኛ ፍሪሲዮን የምንለውን፣ በትክክል ሲገጥም አይቻለሁ። የጎንደር ሠዓሊዎች ማንበብ ለማይችል ምእመን የቤተ ክርስቲያንን ግድግዳ መጽሐፍ አድርገውለታል። አሽዋንደንን ሳይ እነሱ ይታወሱኛል።

አንድ የጥር ቀን ከድብ ባሕር ተነሥቼ ሽቅብ ስመለስ፣ ከላይኛዎቹ ኩርባዎች አንዱ ላይ ቀዩ መብራት በራ። ዘይት አይደለም፤ የዲናሞው መብራት ነው። በውኃ የሚቀዘቅዝ መኪና ቢሆን «ባትሪ አይሞላም፣ ደባርቅ ደርሼ አያለሁ» ይባላል። በቮልስ ግን ዲናሞውንና ፋኑን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። መብራቱ ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ የሚነፋለት የለም። ሙየር ያን ጊዜ ወዲያው ቁም ይላል፣ እኔም ቆምኩ፤ ቺንጋው በእርግጥም ተበጥሶ ነበር። ከመንገዱ በላይ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ነበር። የያዝኩት ትርፍ ቺንጋ ከሱቅ ሲሸጥልኝ ልኩ ነው የተባለ ቢሆንም አጥሮ አልገባ አለኝ። አንድ የጭነት መኪና ቆመልኝ። ረዳቱ ከመቀመጫ ሥር ሌላ ቺንጋ አወጣ፤ እሱ ደግሞ ረዝሞ ላላ።

እዚህ ላይ መጽሐፉ የተገዛበትን ዋጋ መለሰ። የቮልስ ዲናሞ መዘውር ሁለት ግማሽ ሳሕን ሆኖ የተሠራ ነው፤ በመካከላቸው እንደ ሮንዴላ ያሉ ስስ ቀለበቶች አሉ። ቀለበት ከመሐል ሲወጣ ሳሕኖቹ ይቀራረባሉ፣ ቺንጋው ወደ ጠርዙ ይገፋል፣ ይጠብቃል። ቀለበት ሲጨመር ይላላል። ከመሐል የወጣውም አይጣልም፣ ከውጭ በኩል ከብሎኑ ሥር ይቀመጣል፤ ነገ ሊያስፈልግ ይችላል። ካቻቢቴውን በመዘውሩ ጥርስ ውስጥ ሰክቼ እንዳይዞር ያዝኩ፣ በ21 ቁልፍ ፈታሁ፣ ከመሐል አንድ ብቻ አስቀርቼ ሌሎቹን ወደ ውጭ አወጣኋቸው። ረጅሙ ቺንጋ ልክ ሆነ። ረዳቱ ጎንበስ ብሎ አይቶ «ይሄንን ማን አሳየህ?» አለኝ። ከመጽሐፍ እንደሆነ ስነግረው አላመነኝም፤ ቅጂውን ከወንበር ሥር አውጥቼ ሥዕሉን አሳየሁት። ጣቱን በቀለበቶቹ ላይ እያስኬደ ቆጠራቸው።

ስለ ኤሌክትሪክና ስለ መብራት የሚያወራው ክፍል ሥራውን ይሠራል፤ የሚያስደንቅ ነገር አላገኘሁበትም። መኪና ስለ መግዛት የሚያወራው ግን ሊነበብ ይገባል። ሙየር ገዢውን በዓይኑ፣ በእጁና በአፍንጫው እንዲመረምር ያደርገዋል፤ ሊብሬና ቀለም አይቶ የሚገዛ ሰው በበዛበት አገር ይህ ምዕራፍ ብቻውን ተተርጉሞ ቢበተን ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሙየር በየገጹ ማለት ይቻላል አዲስ ግዛ ይላል። አዲስ ፑንቲና፣ አዲስ ጋስኬት፣ አዲስ ቡሽ። ለሱ አገር አንባቢ ይህ ትክክል ነው፤ አሮጌ ጋስኬት መልሶ መግጠም ዘይት መርጨት ነው። ጎንደር ላይ ግን «አዲስ ግዛ» መልስ ሳይሆን የጥያቄው መጀመሪያ ነው። ቮልስ መሠራቷ ከቆመ ቆይቷል፤ የመጨረሻዋ በሜክሲኮ ፑዌብላ ከመስመር የወጣችው በሐምሌ 30 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በገበያችን የሚገኘው መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ሰው ጋር የሚላክ፣ አንዳንዱም ቅርጹ እንጂ ብረቱ የማይታመን ነው።

ታዲያ እዚህ መኪናዎቹ እንዴት ኖሩ? የእኔ መካኒክ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚሠሩ አረጋዊ ናቸው። የካርቡራተሬ ቢራቢሮ ዘንግ መቀመጫውን በልቶ አየር ሲያስገባ፣ መጽሐፉ ሌላ ካርቡራተር እንድፈልግ ይነግረኛል። እሳቸው ቶርኖ ቤት ሄደው ከነሐስ ቀጭን ቱቦ አስቀረጹ፣ የተበላውን ቀዳዳ አሰፍተው ቱቦውን ተከሉበት፤ ሦስት ዓመት አለፈው፣ እስካሁን አልተነቃነቀም። ጋስኬት ሲጠፋ ወፍራም ወረቀት ብረቱ ላይ ዘርግተው ዳር ዳሩን በመዶሻ ቀስ እያሉ እየመቱ ይቆርጡታል፤ የብረቱ ጠርዝ ራሱ መቀስ ይሆናል። ይህ «ቢቸግር» የሚሠራ ሥራ ተብሎ መናቅ የለበትም። ምን ያህል ማስፋት እንደሚቻል፣ ነሐሱ ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት፣ የትኛው ወረቀት ዘይት እንደሚችል የሚያውቅ እጅ ይጠይቃል። የሙየር መጽሐፍ ይህን አያውቅም፤ ሊያውቅም አልተገደደም። እኛ ግን ይህን የሚያውቁ ሰዎች አንድ በአንድ ሲያልፉ አንድ ገጽ እንኳ አለመጻፋችን ያመኛል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ መጽሐፉ በሚያየው ሰው ላይ ነው። የሙየር አንባቢ ብቻውን ነው። ግቢ አለው፣ የራሱ መሣሪያ አለው፣ ቅዳሜና እሑድ ትርፍ ጊዜ አለው። መኪናውን እንደሚሸከመው እንስሳ እንዲያይ፣ ከሱ ጋር እንዲታረቅ ይመክረዋል። ይህ ምክር ለሰሜን ሰው እንግዳ አይደለም፤ በቅሎውን አውርዶ ኮርቻዋን ሳያነሣ፣ ጀርባዋን ሳይዳስስ ራሱ የሚበላ ሰው አጎቴ ዘንድ እንደ ሰው አይቆጠርም። ግን በቅሎ ያለው ሰው ብቻውን አይደለም፤ የሚጭን አለ፣ የሚያክም አለ፣ መንገድ ላይ የሚያግዝ አለ። መኪናም እዚህ እንደዚያው ነው። ጎሚስታው፣ ቶርኖ ቤቱ፣ ባትሪ የሚሞላው፣ ሊማሊሞ ላይ ቺንጋ የሚሰጠው ረዳት ባይኖሩ የእኔ ንባብ የትም አያደርሰኝም ነበር። ሙየር ባለቤቱን ከመካኒኩ ነፃ ማውጣት ይፈልጋል። እኔ ካነበብኩ በኋላ ያገኘሁት ግን ከመካኒኬ ጋር መነጋገሪያ ቋንቋ ነው።

ስለ ቋንቋ ካነሣሁ፣ በእኛ ጋራዥ የመጽሐፉን ቃል የሚጠራ የለም። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ፑንቲና፣ ፋሻ፦ ሁሉም ከጣልያን የመጡ ናቸው። ሊማሊሞን ራሱን በወረራው ዘመን የጠረበው ጣልያን ነው፤ ወልቀፊት ላይ የመሸገው ጦሩ እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነበር፣ ጎንደርም በኅዳር ነፃ ወጣች። ከዚያ በኋላ መንገዱን ለብዙ ዘመን የገዛው የፊያት ጭነት መኪና፣ ኤንትሬ የምንለው ነው። ስለዚህ ጀርመን የሠራትን መኪና አሜሪካዊ በጻፈው መጽሐፍ እያነበብኩ፣ በጣልያን ቃል በአማርኛ ነው የማስጠግናት። ሙየር በቀልድና በዘመኑ የወጣቶች አነጋገር የሞላውን አንቀጽ በዚህ አፍ ለመመለስ ስሞክር ግማሹ ይሞትብኛል። ቀልዱ ለአንባቢው ፍርሃቱን ያርቅለታልና መተው አልችልም፤ ቃል በቃል መመለስም አይሆንም። የትርጉሙ ችግር ይህ ነው፣ ከብሎንና ከመለኪያው ይልቅ።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ከሁሉ ይከብዳል። መጽሐፉ ለጀማሪ ድፍረት ይሰጣል፤ ፍሬን ላይ ሲደርስም ያው ድፍረት ነው። የእኔ መኪና አራቱም ፍሬኗ ከበሮ ነው። ከበሮ ሲግል ይሰፋል፣ ጫማው ይርቀዋል፣ ፔዳሉ ወደ ታች ይሄዳል፤ ሊማሊሞን በፍሬን ብቻ ለመውረድ የሞከረ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። ቁልቁለቱ የሚወረደው በሁለተኛ ማርሽ፣ አስፈላጊ ሲሆንም በአንደኛ፣ ሞተሩ እየያዛት ነው። ቫልቭ ያበላሸ ጀማሪ መኪናውን ያጣል፤ ፍሬን ያበላሸ ጀማሪ ከገደሉ ሥር ነው የሚገኘው። እኔ ባዘጋጀው የፍሬኑን ምዕራፍ በሁለት ሰው እጅ ብቻ እንዲሠራ አደርገው ነበር፦ አንዱ ይሠራል፣ ልምድ ያለው ሌላው ጎማው ከመገጠሙ በፊት ፈትሾ ያጸድቃል።

ለሙየር አንባቢ ቮልስ የርካሽ ኑሮና የነፃነት መኪና ናት። ለእኛ ሌላም ነገር አለባት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን አውርዶ ከቤተ መንግሥት የወሰዳቸው በቮልስዋገን ነው። የእኔ ትውልድ አባቶች ቮልስ ሲያዩ ያችን ቀን ያስባሉ፤ እናቶቻችን ደግሞ አስተማሪውን፣ ነርሷን፣ የባንክ ጸሐፊውን ያስባሉ። አንድ መኪና ሁለቱንም ተሸክማለች።

ፈጣን የጀርመን መኪና የሚወድ ወጣት ይህን ሁሉ አንብቦ «እኔ ፖርሽ ነው የምመኘው» ሊለኝ ይችላል። ይመኝ። የቮልስን ንድፍ ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሼ ነው፤ በ1948 እ.ኤ.አ. የተሠራችው የመጀመሪያዋ ፖርሽ 356 ብዙ አካሏን የወሰደችው ከቮልስ ነው። ታዋቂዋ 911ም እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ድረስ ሞተሯ ከኋላ፣ ሲሊንደሮቹ ጎን ለጎን የተኙ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነበር። የሙየርን የቫልቭ ምዕራፍ በእጁ የሠራ ሰው የዚያን ሞተር ጠባይ ግማሹን አውቋል። አዲስ አበባ ላይ ተርቦ ያለው ቢኤምደብልዩ የሚነዳ ሰው የተራራው አየር ብዙም አይጎዳውም፣ ተርቦው አየሩን ጠቅጥቆ ያስገባለታልና። ግን ያ ሞተር ዘይቱ በጊዜው ካልተቀየረ ይሞታል፣ ሞቱም ከቮልስ ይልቅ ብዙ ያስከፍላል።

ይህ መጽሐፍ ዛሬ ቢጻፍ ምን ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ። ቮልስዋገን በጥር 2011 ዓ.ም. በአገራችን የመኪና ኢንዱስትሪ ለመሥራት የመግባቢያ ሰነድ ፈርሞ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳና የምናያት ቮልስዋገን በቻይና የተሠራችው ኤሌክትሪክ አይዲ 4 ናት። ቫልቭ የላትም፣ ካንዴላ የላትም። ስትታመም የሚናገረው ኮምፒውተር ነው፣ ኮምፒውተሩን የሚያነብ መሣሪያ የሌለው ሰው ኮፈኑን ከፍቶ የሚያየው ክዳን ብቻ ነው። እሷን በሕይወት ስለማቆየት ለለየለት ጅል የሚጽፍ ሙየር ይመጣ ይሆን? የሚመጣ ከሆነ በአማርኛ ይጻፍ እላለሁ፤ ዛሬ ደባርቅ ላይ መብራት በጠፋ ጊዜ ሞተር አውርዶ የሚያስነሣው ልጅ ነገ ዝም ብሎ እንዲያይ መደረግ የለበትም።

ባለፈው ወደ ድብ ባሕር ልወርድ ስል ደባርቅ አደርኩ። መካኒኬም ለዘመድ ተዝካር መጥተው ነበር። ሌሊቱን መኪናዋ ውጭ በብርድ አደረች፤ ለቫልቭ ሥራ ከዚያ የተሻለ የለም። ጧት በጋቢ ተጠቅልለው መጡ። ያስከተሉት ልጅ ቁልፉን ያዘ፣ እኔ ወደ አማርኛ የመለስኩትን ከደብተሬ ማንበብ ጀመርኩ። አንደኛው፣ ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ እጃቸውን አነሡ።

«እሱን ትንሽ ላላ አድርግለት።»

«ጋሼ፣ እዚህ የተጻፈው ለሁሉም አንድ ነው።»

«ይሁን እንጂ ልጄ፣ የዚህችኛዋ ዘይት ማቀዝቀዣ ፋኑ ቤት ውስጥ ነው ያለው። የሦስተኛውን ነፋስ ይከልለዋል፤ እሱ ከወንድሞቹ ይልቅ ይግላል። ሲግል ይረዝማል። ቦታ ስጠው።»

ትክክል ናቸው። እስከ 1970 እ.ኤ.አ. በተሠሩት ሞተሮች ማቀዝቀዣው የቆመው በዚያ ቦታ ነው፤ ፋብሪካው ራሱ ቆይቶ ነው ወደ ውጭ ያወጣው። ልጁ ክፍተቱን በጥቂቱ አላላው። እኔ ደብተሬ ላይ፣ ከሙየር አረፍተ ነገር ጎን፣ የእሳቸውን ቃል እንደተናገሩት ጻፍኩት። አዛውንቱ አጎንብሰው ያዩ ነበር፤ «ደባርቅ ላይ ብለህ ጨምርበት» አሉኝ፤ ጨመርኩ።